ከቱሉ ዲምቱ ናይሮቢ በመኪና፦ ልጆችን ይዞ መዝናኛ ፓርክ ለመድረስ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ቱሉ ዲምቱ መኖር የሚያማርር ነገር አያጣም፤ ውኃው አለ፣ የታክሲ ሰልፉ አለ፣ መሀል ከተማ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ አለ። ወደ ደቡብ ለሚነዳ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ሰፈር የለም። ሌላው ሰው ገና ሳሪስና ቃሊቲ ላይ ጡሩንባ ሲነፋ፣ እኛ ከቤት ወጥተን አንድ ጀበና ቡና በማይፈላበት ጊዜ ውስጥ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መግቢያ ላይ ነን።

በዚሁ መንገድ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ናይሮቢ ደርሼ ተመልሻለሁ። የልጆቹ ዓላማ አንድ ብቻ ነበር፤ በቴሌቪዥን ያዩት ዓይነት ትልቅ መሽከርከሪያ ላይ መውጣት። የኔ ዓላማ ደግሞ በገዛ መኪናዬ ድንበር መሻገር ነበር። ሁለቱም ተሳክቷል። ያልተሳካው ቀን አቆጣጠሬ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ።

ቀኑን ከኋላ ቁጠሩ

ብዙ ሰው «ናይሮቢ ሦስት ቀን» ብሎ ይነሣና መንገዱን እንደ ተጨማሪ ነገር ያየዋል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሞያሌ 760 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ደግሞ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መሄጃው ብቻ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሌሊት መንዳት ደግሞ አይታሰብም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ልጆቹ ፓርኩ ውስጥ የሚውሉበትን ቀን ምረጡ። ሐሙስ ይሁን፤ ቅዳሜና እሑድ የናይሮቢ ሰው ሁሉ ልጆቹን ይዞ ስለሚወጣ ሰልፉ ይረዝማል። ከሐሙስ ወደ ኋላ ስትቆጥሩ የሚወጣው ይህ ነው፦ ቅዳሜ ንጋት ተነሥቶ ዲላ ማደር፣ እሑድ ሞያሌ፣ ሰኞ ጠዋት ድንበሩን ጨርሶ ማርሳቢት፣ ማክሰኞ ናንዩኪ፣ ረቡዕ ቀትር ላይ ናይሮቢ። ሐሙስ ፓርኩ፣ ዓርብ እንስሳቱ፣ ቅዳሜ ንጋት መመለስ። መመለሻው መንገዱን ስለምታውቁት አንድ ቀን ያጥራል፤ ማርሳቢት፣ ሞያሌና ዲላ እያደራችሁ ማክሰኞ ማታ ቤታችሁ ናችሁ። በጠቅላላው 11 ቀን። እኔ በዘጠኝ ቀን እጨርሳለሁ ብዬ ወጥቼ፣ በአሥረኛው ቀን ማርሳቢት ላይ ሆኜ ለአለቃዬ ስልክ ስደውል ነበር።

ፈቃዳችሁ አምስት ቀን ብቻ ከሆነ መኪናውን ተዉት። ከቦሌ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ እዚያ ደርሶ ከነሾፌሩ መኪና መከራየት ይቻላል። ይህን የምለው መንገዱን ስለጠላሁት አይደለም፤ ቸኩሎ የሚነዳ አባት ልጆቹን ስለሚያስጠላ ነው።

ወሩን በተመለከተ ክረምት ከሁሉም ይሻላል። እዚህ ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ሲቀደድ ናይሮቢ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ የእነሱ ዋና ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አነስተኛው ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። የእኛ ልጆች ትምህርትም በክረምት ይዘጋል። «ኬንያ ሙቅ አገር ነው» ብላችሁ ሹራብ ሳትይዙ እንዳትሄዱ፤ ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የሐምሌ ጠዋቷ የእኛን ጥቅምት ያስታውሳል።

ወረቀቱ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ወረቀቱን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ጀምሩ።

ፓስፖርቱ ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻው ያስፈልጋል፤ ከጉዞው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን። ኢትዮጵያና ኬንያ ዜጎቻቸው ያለ ቪዛ እንዲገቡ ተስማምተዋል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2024 የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ስለ ጀመረችና ደንቡን እየከለሰች ስለሆነ፣ ከመነሣታችሁ ሁለት ሳምንት በፊት የመንግሥታቸውን ድረ ገጽ ተመልከቱ። ከልጆቹ ጋር የሚሄደው አባት ብቻ ወይም እናት ብቻ ከሆነ፣ የቀረው ወላጅ ፈቃዱን በሰነዶች ማረጋገጫ አስመዝግቦ ይስጥ። የልደት የምስክር ወረቀታቸውንም ያዙ።

ቀጥሎ ሁለቱ ቢጫ ካርዶች አሉ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ። አንዱ ቢጫ ካርድ የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት ነው፤ የሚያገለግለው ለሰው ነው። ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው የሚጸናው፤ አንዴ ከተወሰደ ግን ለዕድሜ ልክ ነው። ሌላው ቢጫ ካርድ የኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ) ነው፤ ይህኛው ለመኪናው ነው። የሦስተኛ ወገን መድናችሁ ከድንበር ወዲያ እንዲሠራ የሚያደርግ ወረቀት ሲሆን፣ መድን የገባችሁበት ኩባንያ ተጨማሪ ክፍያ ተቀብሎ ይሰጣችኋል። የምትሄዱበትን አገርና የምትቆዩበትን ቀን ያካተተ መሆኑን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆማችሁ አረጋግጡ። ጎረቤቴ በሞያሌ መስመር ለዓመታት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ «ጋሼ፣ ቢጫ ካርዱን ይዣለሁ» ብዬ የክትባቱን ካርድ ባሳያቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። «ልጄ፣ መኪናህም ይከተባል እንዴ?» አሉኝ።

ከመኪናው ወረቀት ዋናው ሊብሬ ነው። ሊብሬው በስማችሁ ከሆነ ግማሹ ሥራ አለቀ። በወንድማችሁ ወይም በባለቤታችሁ ስም ከሆነ ከአገር ማውጣትን በግልጽ የሚጠቅስ ውክልና ያስፈልጋል፤ «እንዲነዳ፣ እንዲያስመረምር» ብቻ የሚል ውክልና ድንበር ላይ አያሻግርም። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ ደግሞ ሊብሬው ባንኩ ጋ ስለሚገኝ፣ ባንኩ መስማማቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ይስጣችሁ። ዓመታዊ ምርመራው ያለፈና ቦሎው የተለጠፈ ይሁን።

በመጨረሻ ጉምሩክ። መኪና ከአገር ለጊዜው ሲወጣ ጉምሩክ ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ስለዚህ የጊዜያዊ መውጫ ፈቃድና ዋስትና ይጠይቃል። ይህን ሞያሌ ደርሳችሁ ለመጨረስ አታስቡ። አዲስ አበባ ላይ የጉምሩክ ኮሚሽን ቅርንጫፍ ሄዳችሁ የሚጠየቀውን በዝርዝር ጻፉ፤ ከዚያ አዘጋጁ። የኬንያ ጉምሩክም በበኩሉ ለጊዜው ለገባ መኪና ፈቃድ ይሰጣል፣ ክፍያም አለው። ሁለቱንም ወረቀት ስትመለሱ ማዘጋት አለባችሁ፤ ካልተዘጋ መኪናችሁ በመዝገብ ላይ ኬንያ ቀርታለች ማለት ነው።

የሁሉንም ሦስት ሦስት ቅጂ አውጡ። ድንበር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፤ መብራት ግን ሁልጊዜ የለም።

መኪናው

እዚህ ላይ አልረዝምም። ጎማ፣ ፍሬን፣ ራዲያተር፣ የፋን ቺንጋ። ከማርሳቢት በላይ ያለው ሜዳ ሙቀቱ ብርቱ ስለሆነ የማቀዝቀዣው ሥርዓት ጤናማ መሆን አለበት። መለዋወጫ ጎማው አየር እንዳለው እዩ፤ የኔው ክሪክ ለአራት ዓመት ሳይነካ ተቀምጦ ዝጎ ነበር። ኬንያ ውስጥ ፖሊስ ሁለት አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን፣ የእሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ሊጠይቅ ይችላል።

ነዳጁን አስሉ። ደርሶ መልሱንና የከተማውን ዙረት ጨምሮ 3,300 ኪሎ ሜትር ያዙ። መኪናችሁ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የምትበላ ከሆነ 264 ሊትር ይሆናል፤ ከግማሽ በላዩን የምትቀዱት በኬንያ ሽልንግ ነው። የኬንያ የነዳጅ ዋጋ በየወሩ በ14ኛው ቀን ተነግሮ ለአንድ ወር ስለሚጸና በጀት ለመያዝ አያስቸግርም። በእኛ በኩል ግን ከሐዋሳ ወዲያ ማደያ ባገኛችሁ ቁጥር ሙሉ፤ «ቀጣዩ ከተማ ላይ» አትበሉ። ሞያሌ ደርሳችሁም ሙሉ፤ እስከ ማርሳቢት 250 ኪሎ ሜትር አለ።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ጎረቤቶቼ (ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በሰፈራችን የገባው መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል እሱ ነው) ይህን ጉዞ ከዘመድ በተዋሳችሁት የቤንዚን መኪና ሂዱ። ውክልናውን አትርሱ እንጂ።

ገንዘቡና ጓዙ

ብር ይዞ ናይሮቢ መግባት ቅጠል ይዞ እንደ መግባት ነው። ከአገር ሊወጣ የሚችለው የብር መጠንም በሕግ የተወሰነ ነው። ባንካችሁ ለመንገደኛ የሚሸጠውን ዶላር ለማግኘት ምን ማስረጃ እንደሚፈልግ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የአውሮፕላን ትኬት ስለሆነ፣ በመኪና እንደምትሄዱ አስረዱና የጉምሩክ ወረቀታችሁን አሳዩ። በውጭ አገር የሚሠራ የባንክ ካርድም አውጡ። ድንበሩን እንደተሻገራችሁ በፓስፖርታችሁ የኬንያ ሲም ካርድ ገዝታችሁ ኤም-ፔሳ ክፈቱ። እዚያ አገር ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው በስልክ ነው፤ የብሔራዊ ፓርኮቹ በር ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም።

አሁን ወደ ፌስታሉ። ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ቅጣቱ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ አራት ዓመት እስር ይደርሳል። የአበሻ ስንቅ ደግሞ ያለ ፌስታል አይታሰብም። ባለቤቴ ቆሎውን በአንድ፣ ዳቦ ቆሎውን በአንድ፣ የልጆቹን ጫማ በሌላ ፌስታል አስራ፣ ሁሉንም በትልቅ ፌስታል ጠቅልላ ነበር። ሞያሌ ሆቴሉ አልጋ ላይ ተቀምጠን አንድ በአንድ ስንፈታ አመሸን። ቆሎው የገባው ትራስ ልብስ ውስጥ ነው፤ እስከ ናይሮቢ ድረስ ልጆቹ እጃቸውን ትራስ ልብስ ውስጥ እየከተቱ ነው የቆረጠሙት። እናንተ ከቤት ስትነሡ የጨርቅ ከረጢትና ባለ ክዳን ዕቃ ተጠቀሙ። በፕላስቲክ ጠርሙስ የታሸገ ውኃም ብሔራዊ ፓርኮቻቸው ውስጥ አይገባም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የብረት ኮዳ ግዙ።

መንገዱ

የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነው። በፍጥነት መንገዱ ሞጆ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ ባቱ፣ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ። ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ዓሣ ብሉና ዲላ ግቡ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት በጌዴኦ ቡናና እንሰት መካከል ትነዳላችሁ፤ የአካባቢው ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከሐገረ ማርያም በኋላ አረንጓዴው እየሳሳ ሄዶ ያቤሎ ላይ ቀይ አፈር፣ ግራርና ከሰው ቁመት የሚበልጥ የምስጥ ኩይሳ ይተካዋል። ልጆቼ ኩይሳ ሲቆጥሩ ሜጋ ደረሱ።

ሌሊት አትንዱ ያልኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ከብትና ግመል ነው፤ የቦረና ከብት መንገዱን የራሱ አድርጎ ይተኛበታል። ሁለተኛው ጸጥታ ነው። በዚህ መስመር መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ከመነሣታችሁ በፊት በነበረው ምሽትና በየማደሪያችሁ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ የዚያን ቀን መንገድ የሚያውቀው የዚያን ቀን የመጣበት ሰው ነው። «ቆዩ» ካሏችሁ ቆዩ። «አትሂዱ» ካሏችሁም ተመለሱ። ለዚህ ነው የናይሮቢን ሆቴል ያለ ክፍያ ሊሰረዝ በሚችል መንገድ መያዝ ያለባችሁ።

ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች በአንድ ግቢ የሚሠሩበት የጋራ የድንበር ኬላ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ተመርቋል። እሑድ ማታ ደርሳችሁ በእኛ በኩል እደሩ፤ ሰኞ ገና ሲከፈት ቁሙ። መጀመሪያ የሰዎቹ ፓስፖርት ይመታል፣ ከዚያ የመኪናው ጉዳይ ይታያል። ልጆቹን የሚያጫውት አንድ ሰው ይመደብ፤ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

ከዚያ ግራው ይመጣል። ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው፤ የእኛ መኪና መሪ ደግሞ በግራ በኩል ነው። ይህ ማለት ለመቅደም ስትወጡ ከፊታችሁ ያለው ከባድ መኪና ይጋርዳችኋል፤ የሚመጣውን የሚያየው በቀኝ የተቀመጠው ሰው ነው። ከባለቤቴ ጋር ቃል ገባን፤ እሷ «ባዶ ነው» ሳትል አልወጣም። «ይመስለኛል» ካለች አልወጣም። በአደባባይ ዙሪያ የሚዞሩትም እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው፤ ቅድሚያ ያለው ከቀኝ የሚመጣው ነው። ሰው የሚሳሳተው ግን በተጨናነቀ መንገድ ላይ አይደለም፤ እዚያ ሌሎቹን ተከትሎ ይነዳል። የሚሳሳተው ባዶ መንገድ ላይ፣ ከማደያ ሲወጣ ነው። እኔ ከመጀመሪያው ማደያ ስወጣ እጄ ራሱ ወደ ቀኝ ወሰደኝ፤ ሦስቱም ከኋላና ከጎን «ግራ!» ብለው ጮኹብኝ። ከዚያ በኋላ ትልቋ ልጄ በደብተር ወረቀት ላይ «ግራ» ብላ ጽፋ የፍጥነት መቁጠሪያው አጠገብ ለጠፈችልኝ። እናንተ ከቤት ጽፋችሁ ሂዱ።

ከሞያሌ እስከ ኢሲኦሎ ያለው መንገድ ጥሩ አስፋልት ነው፤ ነፋሱ ግን መኪና ይገፋል። ከተሞች መግቢያ ላይ ያለ ምልክት የተሠሩ የፍጥነት መግቻዎች አሉ፤ የመኪናዬን ሆድ አንዱ ልሶታል። ከኢሲኦሎ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ወጥቶ ስንዴ ማሳ ውስጥ ይገባል፤ በግራችሁ ከፍታው 5,199 ሜትር የሆነው የኬንያ ተራራ አለ። ጠዋት ካልሆነ በደመና ይሸፈናል። ናንዩኪ የምድር ወገብ ያልፍባታል፤ ምልክቱ አጠገብ ፎቶ ለመነሣት ሁሉም ይቆማል።

ናይሮቢና ፓርኩ

በቲካ መንገድ ስትገቡ ወደ መሀል ከተማ አትቀጥሉ። በሰሜኑ የቀለበት መንገድ ታጥፋችሁ ሩዋካ ውጡ። ሩዋካና ጊጊሪ አካባቢ ካደራችሁ ቱ ሪቨርስ የተባለው የገበያ ማዕከል ቅርብ ነው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ ከጎኑ የመዝናኛ ፓርክ ያለው እሱ ነው። ሆቴል ስትይዙ ግቢ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ መኖሩን በጽሑፍ አረጋግጡ። እንጀራ የናፈቀው ሰው ኪሊማኒ ሰፈር የአበሻ ምግብ ቤት አያጣም።

ስለ ፓርኩ ዋናው ምክሬ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ እያላችሁ የሚፈጸም ነው፤ ልጆቹን ለኩ። ጫማቸውን አስወልቃችሁ በር ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ሴንቲ ሜትሩን ጻፉ። ፈጣኖቹ መጫወቻዎች የቁመት ገደብ አላቸው፤ ጠባቂው አይለመንም። 1,500 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በአራት ጣት ያጠረ ልጅ ልቅሶውን የሚያስቆም ነገር የለም። ትንሹ ልጄ እንደማይደርስ ቤት ሳለን ስለነገርነው፣ ለእሱ አስቀድመን ሌላ መርጠንለት ነበር። ትልቋ ስትወረወር እሱ ትንሿን ባቡር እየነዳ እጁን ያውለበልብላት ነበር።

በር ሲከፈት ግቡ። ሰልፍ የሚበዛባቸውን ሮለር ኮስተሮች መጀመሪያ ጨርሱ፣ ምሳውን ከዚያ በኋላ ብሉ፤ የጠገበ ሆድ እዚያ ላይ አይወጣም። ግዙፉን መሽከርከሪያ ወደ ማታ አስቀሩት፤ ብርሃኑ ሲለሰልስ የከተማዋ ዳር ዳር ቡና ማሳው ድረስ ይታያል።

ዓርብ ወደ ላንጋታ በምዕራቡና በደቡቡ ቀለበት መንገድ ሂዱ። በ1977 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሼልድሪክ ድርጅት እናታቸውን ያጡ የዝሆን ግልገሎች ወተት ሲጠጡ ያሳያል፤ የጉብኝቱ ጊዜ አንድ ሰዓት ብቻ ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 እስከ 6 ሰዓት ነው። ሳይያዝ አይገባም፤ በክረምት ደግሞ ቶሎ ስለሚሞላ ከወራት በፊት ያዙ። ከሰዓት በኋላ እዚያው አካባቢ ያለው የቀጭኔ ማዕከል ለልጆች ደስ ይላል፤ ከፍ ካለ ሰገነት ላይ ሆነው በእጃቸው ያበሏቸዋል።

ሰዓት ስትይዙ አንድ ነገር አስተውሉ። ትኬት ላይ የሚጻፈው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በስዋሂሊ ሲነገራችሁ ግን እነሱም እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት። «ሳ ምቢሊ» ያላችሁ ሰው የእኛን 2 ሰዓት ማለቱ ነው። የአገሩ አቆጣጠርና የእኛው አንድ ሆኖ ሳለ መሀል የገባው ወረቀት ያሳስታል። ቀኑንም ከእኛ የዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ ስትቀይሩ ሁለት ሰው ያረጋግጥ።

መመለሻው ላይ የምነግራችሁ ጥቂት ነው። ኬንያ በኩል የመኪናውን ጊዜያዊ ፈቃድ አዘግታችሁ ማኅተሙን እዩ፤ በእኛም በኩል መመለሷን አስመዝግቡ። በአንድ ሳምንት ውስጥ እጃችሁ ግራን ለምዷል፤ ስለዚህ ከድንበሩ በር ስትወጡ ያው ስሕተት በተቃራኒው ይጠብቃችኋል። ልጄ ያቺን የደብተር ወረቀት ከመሪው አጠገብ ነቅላ ገለበጠችና መልሳ ለጠፈቻት። ጀርባው ላይ «ቀኝ» ብላ ጽፋበት ኖሯል፤ ስትሄድ ጀምሮ።